የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ አንድ ዘገባ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም በንጋት ብርድ ሜዳ ላይ የተኮራመተውን ረሃብተኛ ገበሬ ለዓለም አሳየ። ቃሉን ያሰማው ማይክል ቡርክ ሲሆን፣ ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር።

አሚን በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ካሜራፒክስ የተሰኘ ድርጅት አቋቁሞ የአፍሪካን ጦርነትና ኑሮ ሲቀርጽ ኖሯል።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ ሰሚ ግን እምብዛም አላገኘም። የአሚን ምስል ከታየ በኋላ እርዳታው ጎረፈ፤ ሐምሌ 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላላቅ የሙዚቃ ድግሶች ተዘጋጁ። ታሪኩ ለጎጃምም ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከወሎ የተነሡ ብዙ ገበሬዎች መተከል አውራጃ፣ ፓዌ ሰፍረዋል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የድምፅ ባለሙያው ሞተ፤ አሚንም ግራ እጁን አጣ። ሆኖም በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ዳግም አነሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወታቸው ካለፈው 125 ሰዎች አንዱ ሆነ።