ሻምበል አበበ ቢቂላና የሩጫ ፍቅር

አንድ ስፖርት በሕዝብ ዘንድ የሚወደደው በሥራው የሚያስከብረው ሰው ሲገኝለት ነው። ስለ ሩጫ ጥቅም ብዙ ቢነገር፥ አንድ ሯጭ በዓለም ፊት ድል ያደረገበትን ቀን ያህል የሰውን ልብ አያነሣሣም። ለዚህም የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት በቂ ምስክር ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ ካደገም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጽናቱን ተመልክቶ ለረዥም ሩጫ አዘጋጀው።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መካፈል የጀመረችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ስለ ነበረ፥ አበበ በ1952 ዓ.ም. ወደ ሮማ ሲሄድ በውጭ አገር ስሙን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። ጳጕሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጠ። በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ የሞሮኮውን ተወዳዳሪ ጥሎ ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ጨርሶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ አስገኘ። ከ25 ዓመት በፊት ጦር በላከችብን ከተማ የተገኘ ድል በመሆኑ፥ ስለ ሩጫ ግድ ያልነበረው ሰው ሁሉ የማራቶንን ነገር ይጠይቅና ያወራ ጀመር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አርባ ቀን ያህል ቢሆነው ነው፥ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከገባም በኋላ እንዳልደከመ ሰው በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ እጅግ ተደነቀ።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ግን እግሩን ስለ ታመመ ውድድሩን ሳይፈጽም ቀረ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። አበበ ግን ስፖርትን አልተወም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ተካፈለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ሲያሸንፍ፥ አበበ የከፈተው መንገድ እንዳልተዘጋ ታየ። ዝነኛ ሰው የሕዝብን ዐይን ወደ ስፖርት ይመልሳል፤ ያ ፍቅር ጸንቶ የሚኖረው ግን የሚያጨበጭበው ሕዝብ ለልጆቹ መሮጫ ሜዳና አሠልጣኝ ሲያዘጋጅላቸው ነው።