አንትዋን ላቯዝዬና ሚዛኑ

አንድ የጉደር ተማሪ የኬሚስትሪ የቤት ሥራውን ለመሥራት ተቀምጧል እንበል። የተሰጠው ጥያቄ፣ 100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ 56 ግራም ኖራ ብቻ ቢተርፍ፣ የጎደለው 44 ግራም ወዴት ሄደ የሚል ነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ ትክክለኛውን መንገድ ካሳዩት ሊቃውንት ዋነኛው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዝዬ ነው።

ላቯዝዬ እ.ኤ.አ. በ1743 በፓሪስ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። እንደ አባቱ ሕግ ቢያጠናም ልቡ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ነበር። በ1768፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ለንጉሡ ግብር በሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። ከዚህ ያገኘው ሀብት እጅግ ትክክለኛ የሆኑ ሚዛኖችን ለማሠራት አስቻለው።

በዚያን ዘመን ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ወደ አፈርነት ይለወጣል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ላቯዝዬ ግን ውሃና የመስተዋት ዕቃ በየራሳቸው መዝኖ፣ ውሃውን በዕቃው ውስጥ ከድኖ ለ101 ቀናት በእሳት ላይ አቆየው። ከሥሩ ዝቃጭ ታየ። እንደገና ሲመዝን ግን ክብደቱ የቀነሰው ውሃው ሳይሆን ዕቃው ሆኖ ተገኘ። ዝቃጩ የወጣው ከመስተዋቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ አየርንና ጋዝን ሳይቀር እየመዘነ፣ ነገር ሲቃጠል ከአየር ኦክስጂን እንደሚወስድ አስረዳ። ሚስቱ ማሪ አንም የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን እየተረጐመችና የመሣሪያዎቹን ሥዕል እየሣለች ትረዳው ነበር። በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ቁስ መልኩን ይለውጣል እንጂ እንደማይጠፋና ከምንም እንደማይፈጠር አሰፈረ።

የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ግን ሕዝቡ አጥብቆ የሚጠላቸው ግብር ሰብሳቢዎች ተያዙ። ላቯዝዬም እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794፣ ከሚስቱ አባት ጋር በአንድ ቀን፣ አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ማሪ አን የተረፉትን ጽሑፎቹን ሰብስባ ለኅትመት አበቃች።

ሰውየው ቢሞትም ሥርዓቱ በእያንዳንዱ የኬሚስትሪ ደብተር ላይ ይሠራበታል። የጉደሩ ተማሪም በዚሁ ሥርዓት ሒሳቡን ይጀምራል። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጂን ሦስት ጊዜ 16፣ በድምሩ 100 ነው። ከእሳቱ በኋላ በኖራው ውስጥ የሚቀሩት ካልሲየም 40ና ኦክስጂን 16፣ በድምሩ 56 ናቸው። የቀሩት ካርቦን 12ና ኦክስጂን ሁለት ጊዜ 16፣ 44 ሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተባለ ጋዝ መልክ ወደ አየር ወጥተዋል። ይህ ጋዝ ለተማሪው እንግዳ አይደለም፤ በጎረቤት ከተማ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እየተንቸፈቸፈ የሚወጣው እሱ ነው። እንግዲህ 44 ግራሙ ከዓይን ተሰወረ እንጂ ከሚዛን አልጠፋም።