የዶክቶር አሌክሲስ ካሬል ታሪክ

የተቀደደ አንጀትን መስፋት ለሐኪሞች አዲስ ነገር አልነበረም። ላምቤር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1826 እንዳስረዳው፣ የሁለቱ ቁራጭ የውጭ ገጽ ከውጭ ገጽ ጋር ተገጥሞ ሲሰፋ ይጣበቃል። የደም ሥር ግን እንዲህ አይደለም፤ ደም ክር በነካ ጊዜ ይረጋል፤ የረጋውም ደም መንገዱን ይዘጋል። ይህን ችግር ያቃለለው ዶክቶር አሌክሲስ ካሬል ነው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ካሬል በ1873 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ሕክምና በሚማርበት ዘመን፣ በ1894፣ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ወደ ሊዮን መጥቶ ሳለ አንድ ኢጣሊያዊ በጩቤ ወጋው። ጩቤውም ወደ ጉበት የሚገባውን ታላቅ የደም ሥር ቀደደው። ሐኪሞች ቢሰበሰቡም ያንን ሥር ሊሰፋ የሚችል ስላልተገኘ በዚያው ሌሊት ሞተ። ነገሩ ከካሬል ልብ አልወጣም። ሊዮን በሐር ሥራ የታወቀች ከተማ ናትና፣ የመርፌን አያያዝ ለመማር ማዳም ሌሩዲዬ ወደምትባል ጥልፍ ሠሪ ሄደ። የተማረ ሰው ከጥልፍ ሠሪ ለመማር አለማፈሩ የሚደነቅ ነው።

በ1902 የገለጸው ዘዴ እንዲህ ነው። የተቆረጡት ሁለት አፎች አስቀድሞ በእኩል ርቀት በሦስት ስፌት ይያያዛሉ፤ ሦስቱ ክሮች ወደ ውጭ ሲሳቡ ክቡ አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ከዚያም ቀጥ ያሉት ሦስቱ ጎኖች በየተራ፣ በቫዝሊን በታሸ እጅግ ቀጭን የሐር ክር ይሰፋሉ። ከአንጀት ስፌት ተቃራኒ ሆኖ፣ በደም ሥር ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጦ ውስጡ ከውስጡ ይገጠማል፤ ደሙም ከክሩ ጋር እምብዛም አይገናኝም።

በዚያው ዓመት ከምእመናን ጋር ወደ ሉርድ ሄዶ፣ ልትሞት የተቃረበች አንዲት በሽተኛ ስትድን አየ፤ ያየውንም አልደበቀም። ይህ በሊዮን ሐኪሞች ዘንድ ስላስጠላው በ1904 ወደ ካናዳ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1908 በኒውዮርክ ደም እየፈሰሳት ልትሞት ለተቃረበች አራስ ሕፃን፣ የአባቷን የክንድ ሥር ከእግሯ ሥር ጋር ሰፍቶ ደም አሳለፈላትና ዳነች። በ1912 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ከአንድ ውሻ ወደ ሌላ ውሻ ኩላሊት ባዛወረ ጊዜ ስፌቱ ጸና፤ ኩላሊቱ ግን ሰንብቶ ተበላሸ። የዚያኑ ውሻ ኩላሊት አውጥቶ ቢመልሰው ግን ይሠራል። ስለዚህ ጉድለቱ ከስፌቱ ሳይሆን አካል ባዕዱን ስለማይቀበል መሆኑን ተረዳ፤ ለዚህ መድኃኒት የተገኘው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

በእጁ ይህን ያህል የረዳ ሰው በብዕሩ በድሏል። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከባድ ወንጀል የሠሩ ሰዎች፣ ወንጀል የሠሩ እብዶችም ሳይቀሩ፣ በጋዝ እንዲገደሉ መከረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነብ ስለ ጀመረች፣ የዚህን ምክር ክፋት ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈረንሳይ በጀርመን ከተያዘች በኋላም በቪሺ መንግሥት ሥር የአንድ ተቋም መሪ ሆነ፤ ፓሪስ ነጻ በወጣች ጊዜ ከሥራው ታግዶ፣ በኖቬምበር 1944 ሞተ።

በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ከሕያው ሰው የተወሰደው ኩላሊት ደም ሥሮች ከበሽተኛው ደም ሥሮች ጋር በመርፌና በክር ተሰፍተው ተያያዙ።