የማይታየውን ጨረር ያገኘው ዊልያም ሄርሸል

በየካ ለምንማር ልጆች እንጦጦ ሩቅ አይደለም። በዚያ ተራራ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በመስተዋት ቴሌስኮፕ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው ሊቃውንት አንዱ ዊልያም ሄርሸል ነው።

ሄርሸል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1738 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ከሙዚቀኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በሙዚቃ ሙያ ይተዳደር ነበር። የቴሌስኮፕ መስተዋት በገዛ እጁ እየሞረደና እየወለወለ ሠራ፤ በ1781ም ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘ።

በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ ይበልጥ ከፍ አለ። እንዳይሳሳትም ሌሎች ቴርሞሜትሮች ከብርሃኑ ውጭ አስቀምጦ አመሳከረ። ይህ ጨረር ዛሬ ኢንፍራሬድ ይባላል። እንደ ብርሃን በመስተዋት እንደሚመለስና በሌንስ እንደሚታጠፍም አረጋገጠ።

ስለዚህ ዛሬ በጨለማ ለማየት የሚያገለግለው የኢንፍራሬድ መብራት ጨረሩ በሌንስ ተሰብስቦ ሲጠብ ሩቅ ይደርሳል፤ ሲበተን ግን በቅርብ ይደክማል።

ሄርሸል በ1822 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። እንግዲህ እኛም ተማሪዎች ዓይናችን ያላየውን ሁሉ የለም ከማለታችን በፊት እንደ እርሱ ለክተን እንመርምር።