ኤውገን ቫርሚንግና የዛፎች ሥር

በሳይንስ ትምህርት የዛፍ ሥርና የግንድ ቍራጭ በማይክሮስኮፕ ስንመለከት፣ ውሃ የሚያሳልፉት ቧንቧዎች በሥሩ ውስጥ ሰፋፊ፣ በግንዱ ውስጥ ግን ጠበብ ያሉ ሆነው አገኘናቸው። አንድ ተክል እንዲህ ያለ አካል የያዘው የት ስለ በቀለ ነው ብሎ መጠየቅን ራሱን የቻለ ትምህርት ካደረጉት ሊቃውንት ዋነኛው ዴንማርካዊው ኤውገን ቫርሚንግ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቫርሚንግ በ1841 ማንዶ በምትባል ትንሽ ደሴት ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። አባቱ የሞተበት ገና በሕፃንነቱ ነው። በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1863 ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ በዚያም ላጎዋ ሳንታ በተባለች መንደር ይኖር ለነበረው፣ የዋሻ ዐፅሞችን በመመርመር ስሙ ለታወቀው ለአገሩ ልጅ ለፔተር ሉንድ ጸሐፊ ሆኖ እስከ 1866 ተቀመጠ።

የአካባቢው ሜዳ ሣር የበዛበት፣ ዛፎቹም አጫጭርና ጠማማ፣ ቅርፊታቸው እንደ ቡሽ የወፈረ ነበር። ከአንዳንዶቹ ከመሬት በላይ የሚታየው ጥቂት ቅርንጫፍ ብቻ ሲሆን፣ ከመሬት በታች ግን ጕማጅ የሚያህል እንጨት ተቀብሯል፤ እሳት ላዩን ቢያቃጥለው ከዚያ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ወጣቱ ወደ 2600 የሚጠጉ የዕፀዋት ዓይነቶችን መዘገበ። ስለዚያ ምድር የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ግን በ1892 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መታገሡን እኛ ፈተና ሲቀርብ የምንቸኵለው ተማሪዎች ብናስበው ይጠቅመናል።

ሉንድ ሜዳው ቀድሞ ደን ነበረ፣ ያጠፋውም እሳት ነው ይል ነበር። ቫርሚንግ ግን የቀድሞ አለቃውን አሳብ አልተቀበለም፤ ዛፎቹን ያጠመማቸው በተለይ ድርቀት ነው አለ።

ከዚያም በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ዞረ። በፏፏቴ ዓለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን ተክሎች መረመረ፤ የአንዳንዶቹ ሥር ተዘርግቶና አረንጓዴ ሆኖ የቅጠልን ሥራ ይሠራል፤ ውሃው በዙሪያቸው ስለ ሆነ የውሃ ቧንቧቸው እጅግ አነስተኛ ነው። በ1884 ወደ ግሪንላንድ ሄዶ በብርድ ምክንያት በምድር ላይ የሚሳቡትን ቍጥቋጦዎች አየ። በባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ ስለሚቆመው ማንግሮቭም ጽፏል። ይህ ዛፍ በውሃ መካከል ሳለ እንደ ተጠማ ዛፍ ነው፤ ጨዋማውን ውሃ ለመሳብ ብርቱ ኀይል ያስፈልገዋልና። እንጨቱ ሲቈረጥ ብዙና ጠባብ ቧንቧዎች ይታዩበታል። ሰፊ ቧንቧ ብዙ ውሃ ያሳልፋል፤ ነገር ግን የአየር አረፋ ገብቶ ከዘጋው ጕዳቱ ከባድ ነው፤ ጠባቡ ደኅንነቱ ይበልጣል።

በኮፐንሀገን ፕሮፌሰር ሳለ በ1895 ያሳተመው ስለ ዕፀዋት ማኅበር የሚናገረው መጽሐፍ ኤኮሎጂ ለሚባለው ትምህርት መሠረት ሆነ። በ1924 ዐረፈ።

ስለ ላጎዋ ሳንታ የሰጠው ፍርድ ግን ሳይነካ አልቀረም። በ1940ዎቹ ራቪቸርና ባልደረቦቹ በብራዚል እንደዚያው ባለ ሜዳ ላይ ጕድጓድ ቢያስቈፍሩ፣ አፈሩ በጥልቀቱ በበጋም እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ የአንዳንዱ ተክል ሥርም ብዙ ሜትር ወርዶ ከዚያ ይጠጣ ነበር። ለቅጠሎቹ መወፈርና መድረቅ ከውሃ ማነስ ይልቅ የአፈሩ ድኽነት እንደ ምክንያት ይቈጠር ጀመር። ቫርሚንግ ከምድር በላይ ያለውን በሚገባ አይቶ ነበር፤ ያመለጠው ከእግሩ በታች ያለው ነው።