ዳግማዊ ምኒልክና የሽቦው ቃል

በዚህ ዓመት እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ከኮምፒዩተር ጥቁር መስኮት ፊት ተቀመጥን። ሥዕል የለ፤ የሚጫን ምልክት የለ፤ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ትእዛዛችንን ትጠብቃለች። አንዲት ፊደል ብትጎድል አትቀበልም። ግማሾቻችን በዚያው ቀን ሸሸን። ለሸሸነው ሰዎች የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት የሚነግረን ነገር ስላለ ይህን ጻፍን።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዓፄ ቴዎድሮስም ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ሸዋ ገቡና በአንኮበር ነገሡ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. የመጣው ወደዚያው ወደ አንኮበር ነው፤ የመጀመሪያ ትእዛዙም ጫማ መሥራት ነበረ ይባላል።

ደጃዝማች መኰንን በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ ተልከው ሲመለሱ ስልክ አመጡ። ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ ካህናቱን ስላስደነገጠ የሰይጣን ሥራ ነውና ይሰበር ያሉ እንደ ነበሩ ይነገራል። ምኒልክ ግን አላሰበሩትም። እንዲያውም በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አዘረጉ። ምሰሶውን ዝሆን ይጥለዋል፤ ሽቦውን ሰው ለአምባር ይቆርጠዋል፤ እንደገና ይተከላል። ቃሉም በየጣቢያው ከአንዱ ስልከኛ ወደ ሌላው ይቀባበል ስለ ነበር፥ አንዱ የሰማውን ካጎደለ ሐረር የሚደርሰው ሌላ ትእዛዝ ነው። የእኛ ጥቁር መስኮት እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ስሕተቱን ወዲያው ይነግረናል።

ቴሌግራፉማ ይብስ ነበር። የሞርስ ምልክት የተበጀው ለላቲን ፊደል ስለሆነ 231 ሆሄያት ላለው ፊደላችን ቦታ አልነበረውም። ዛሬ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ጽሑፋችንን በአማርኛ እናዘጋጃለን፤ ትእዛዙን ግን እስካሁን በላቲን ፊደል እንሰጣለን። ይህ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ለእኛ የተተወ ሥራ ይመስለናል፤ የሚጠይቀው ግን ከክፍሉ ያልሸሸው ነው።

ሽቦው በመጀመሪያ ለመንግሥት ትእዛዝ እንጂ ለድኃው አቤቱታ እንዳልተዘረጋም መርሳት አይገባንም። የሚናገረውና ዝም የሚለው በቤተ መንግሥት ፈቃድ ነበር። ምኒልክ ለብዙ ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። መሞታቸው ግን ለሕዝብ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ፤ እሳቸው ያዘረጉት ሽቦም ወሬውን ለአገሩ አላሰማም።