ጄምስ ዌል፦ ከምርኮኞች ሰፈር እስከ ሆሊውድ

ከቲያትር መድረክ ወደ ሲኒማ ከተሻገሩት የብሪታንያ ዳይሬክተሮች መካከል የጄምስ ዌልን ያህል ሥራው ከስሙ በላይ የገነነለት ጥቂት ነው። ዌል እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1889 በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኘው የብረትና የከሰል ከተማ ዱድሊ ተወለደ። አባቱ በብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚሠራ የቀን ለፍቶ አዳሪ ነበር። የቤተሰቡ ኑሮ ትምህርቱን እንዲቀጥል ስላልፈቀደለት ገና በልጅነቱ ከጫማ ሠሪ ዘንድ ተቀጠረ። ለጎረቤቶቹ የሱቅ ማስታወቂያና የዋጋ ጽሑፍ እየጻፈ ባገኛት ተጨማሪ ገንዘብ በከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማታ ማታ ተማረ።

አቅጣጫውን የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ወደ ግንባር የሄደው ዌል፣ በቀጣዩ ዓመት በፍላንደርስ ተማርኮ ጀርመን ውስጥ ሆልትስሚንደን በተባለው የመኮንኖች ምርኮኛ ሰፈር ታሰረ። ምርኮኞቹ የሰፈሩን መሰልቸት ለመርሳት ቲያትር ያሳዩ ነበር፤ ዌልም አንዴ ተዋናይ፣ አንዴ አዘጋጅ፣ አንዴ የመድረክ ሠዓሊ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ በርሚንግሃም ተመልሶ በሙያው ገባበት፤ ለአሥር ዓመት ገደማም ታላቅ ስም ሳያተርፍ ሠራ።

ዕድሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1928 መጨረሻ ነው። አር. ሲ. ሸሪፍ የተባለ የጦርነቱ ዘማችና የኢንሹራንስ ሠራተኛ የጻፈውን "የጉዞው ፍጻሜ" የተሰኘ ተውኔት የለንደን ቲያትር ቤቶች አንፈልግም ብለው ነበር። ታሪኩ ከአንድ የምሽግ ጉድጓድ አይወጣም፤ አንዲት ሴት እንኳ የለችበትም። ዌል ግን ያንን ጉድጓድ ያውቀዋል። የመድረኩን ገጽታ ራሱ ነድፎ፣ ያን ጊዜ እምብዛም ያልታወቀውን ወጣት ሎረንስ ኦሊቪዬን በዋና ገጸ ባሕርይነት አሰለፈ። ተውኔቱ በጃንዋሪ 1929 ኮሊን ክላይቭን በኦሊቪዬ ቦታ ተክቶ ወደ ሳቮይ ቲያትር ሲዛወር ለንደንን አጥለቀለቀ፤ 600 ጊዜ ያህልም ታየ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ደረሰ፤ ዌልም ተከትሎት አሜሪካ ገባ።

ጊዜው ፊልም መናገር የጀመረበት በመሆኑ ሆሊውድ ተዋንያንን ንግግር የሚያሠለጥን የቲያትር ሰው ይፈልግ ነበር። ዌል "የጉዞው ፍጻሜ"ን በ1930 ወደ ፊልም ከመለሰ በኋላ ከዩኒቨርሳል ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ በ1931ም "ፍራንከንስታይን"ን ሠራ። በዚህ ፊልም ፍጡሩ መጀመሪያ የሚታየው በጀርባው ነው። ከዚያ በዝግታ ይዞራል፤ ካሜራውም ደረጃ በደረጃ እየቀረበ ፊቱን ያሳያል። ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ወደ ብርሃን እጁን ሲዘረጋ ተመልካች የሚያዝንለት አስፈሪ ፍጡር መፍጠር ቀላል አይደለም። ሳንሱር ፍጡሩ አንዲት ሕፃን ወደ ሐይቅ የሚጥልበትን ክፍል በብዙ ቦታ አስቆርጧል፤ መቆረጡ ግን ተመልካቹ የባሰ ነገር እንዲጠረጥር ከማድረግ በቀር የፈየደው የለም። "የማይታየው ሰው" በ1933፣ "የፍራንከንስታይን ሙሽራ" በ1935 ተከተሉ። በ1936 ደግሞ ጥቁሩ አሜሪካዊ ድምፃዊ ፖል ሮብሰን የተሳተፈበትን "ሾው ቦት" የተሰኘ ሙዚቃዊ ፊልም አዘጋጀ።

በዚያው ዓመት የዌል ደጋፊዎች የነበሩት የሌምሌ ቤተሰብ ኩባንያውን አጡ። ዌል ከአዲሶቹ ባለቤቶች ጋር የሠራው "የመመለሻው መንገድ"፣ ከጦርነቱ የተረፉ የጀርመን ወታደሮች በሰላም አገራቸው ስለገጠማቸው ባዶነት የሚተርከው የኤሪክ ማሪያ ሬማርክ ልብ ወለድ ነው። የሬማርክን መጻሕፍት በአደባባይ ያቃጠለው የናዚ መንግሥት ይህን አልወደደም። በሎስ አንጀለስ የነበረው የጀርመን ቆንስላ፣ በፊልሙ የሚሳተፉ ተዋንያን የሚሠሩባቸው ፊልሞች በጀርመን እንዳይታዩ ሊታገዱ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ለየግላቸው ላከ። ድርጊቱ በአሜሪካ ቁጣ ቢቀሰቅስም ኩባንያው የጀርመንን ገበያ ማጣት ፈራ። ዌል ከጨረሰ በኋላ ፊልሙ ተቆራረጠ፤ በሌላ ዳይሬክተር የተቀረጹ የቀልድ ትዕይንቶችም ገቡበት። ጀርመን ግን እንዲያም ሆኖ ፊልሙን አልተቀበለችም። ጦርነቱን በዓይኑ ላየ፣ በጀርመኖች እጅ ለታሰረና ስለ ጀርመን ወታደር ሥቃይ በርኅራኄ ለመተረክ ለተነሣ ሰው ይህ ከባድ ስብራት ነበር።

ከዚያ በኋላ የተሰጡት ሥራዎች አብዛኞቹ ለስሙ የማይመጥኑ ናቸው። በ1941 ገደማ ከሲኒማው ራቀ። ገንዘቡን በወጉ ስለያዘ አልተቸገረም፤ ወደ ወጣትነት ፍቅሩ ወደ ሥዕል ተመለሰ። በ1956 የአንጎል ደም መፍሰስ ጤናውን አናጋው፤ ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ተከተለው። ሜይ 29 ቀን 1957 በቤቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ 67 ዓመቱ ነበር። ለረጅም ጊዜ በአደጋ እንደሞተ ሲነገር ቆይቶ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ ማጥፋቱን የሚገልጽ የስንብት ማስታወሻ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይፋ ሆነ።

በ2001 የትውልድ ከተማው ዱድሊ በአንድ ሲኒማ ቤት ቅጥር ግቢ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመችለት። ሐውልቱ የፊልም ጥቅል ቅርጽ አለው፤ የተቀረጸበት ፊት የፍጡሩ ነው።